ከሥራ በኋላ ኮዲንግ፦ ጀምሮ ላለማቋረጥ ምን ዓይነት ዕቅድ ይያዛል?

ሒሳብ_ክፍል

ሰላም ለዚህ ቤት። ሥራዬ ስታዲየም አካባቢ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው፣ መኖሪያዬ አራት ኪሎ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ማታ ከ2 እስከ 3 ሰዓት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ሦስት ሰዓት ለኮዲንግ ማውጣት እችላለሁ። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ ራሙ 4 ጂቢ፣ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት። ኤክሴል ላይ እጄ የተፈታ ነው። ቫሪያብል (ዋጋ የሚቀመጥበት ስም) እና ኢፍ («ከሆነ» የሚለው ትእዛዝ) ምን እንደሆኑም አውቃለሁ፤ ባዶ ገጽ ፊት ስቀመጥ ግን ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል። ቪዲዮ ሲሆን ሁሉም ይገባኛል፣ ሦስተኛው አራተኛው ላይ ስደርስ ይሰለቸኝና ይቀራል።

የምፈልገው ቁርጥ ያለ ዕቅድ ነው። በየሳምንቱ ምን ልሥራ? ወደፊት እየሄድኩ መሆኔን በምን ልወቅ? ሞራል ሲወርድስ ምን ይደረጋል? «ፓይተን ነው ጃቫስክሪፕት» የሚለው የኮዲንግ ቋንቋ ክርክር ውስጥ ባትገቡብኝ ደስ ይለኛል፣ እንደምትገቡ ባውቅም።

ባለ_ፓይተን

እህቴ፣ መጀመሪያ ስሌቱን እንሥራው፣ ሙያሽም ስለሆነ። በሳምንት 8 ሰዓት አለሽ፤ በ12 ሳምንት 96 ሰዓት ይሆናል። ይህ ሰዓት መሥሪያ ቤት ለመቀየር አይበቃም። የቢሮሽን አሰልቺ ሥራ የሚያቀልልሽ ፕሮግራም ለመጻፍ ግን ይበቃል። «በሦስት ወር ዴቨሎፐር» የሚለውን ማስታወቂያ እለፊው።

ዕቅድሽን በርዕስ አትከፋፍዪው። «ሳምንት አንድ ቫሪያብል፣ ሳምንት ሁለት ሉፕ» ብለሽ ከያዝሽ ሉፕ (ትእዛዝ ማደጋገሚያውን) ማወቅሽን የምትለኪበት ነገር የለሽም፤ ቪዲዮው ስላለቀ ብቻ ያወቅሽ ይመስልሻል። በሚሠራ ፕሮግራም ከፋፍዪው፤ ፕሮግራሙ ይሠራል ወይም አይሠራም፣ መሀል ላይ የሚባል የለም።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት አንድ ፕሮግራም ይውሰዳቸው፦ ያልተጣራ ደመወዝ ተቀብሎ የተጣራውን የሚናገር። ጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ የሥራ ግብሩ ደግሞ በእርከን። ይህን የመረጥኩት ስሌቱን በቃልሽ ስለምታውቂው ነው፤ ኮዱ ሲሳሳት መልሱን አይተሽ ወዲያው ትነቂበታለሽ። የማታውቂውን ስሌት በማታውቂው ቋንቋ ከሞከርሽ ግን ስህተቱ ከየት እንደመጣ መለየት አትችዪም።

እዚያ ላይ የሚያጋጥምሽን ከወዲሁ ልንገርሽ። በኢንፑት ትእዛዝ ከተጠቃሚው የምትቀበዪው ነገር ሁሉ ለፓይተን ጽሑፍ ነው። 500 እና 200 አስገብተሽ ብትደምሪ 700 ሳይሆን 500200 ይወጣልሻል፤ መጀመሪያ ወደ ቁጥር ቀይሪው። ከቀየርሽ በኋላ ደግሞ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ልማድሽ 12,500 ብለሽ በኮማ ታስገቢያለሽ፣ ያኔ ቫልዩ ኤረር ብሎ ይቆማል። ኮማውን በሪፕሌስ (በመተኪያው ትእዛዝ) አስወግደሽ ነው ወደ ቁጥር የምትቀይሪው።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እርከኑ ላይ ነው፦ ደመወዙ የደረሰበትን እርከን ፐርሰንት በጠቅላላው ላይ ያባዛል። እያንዳንዱ ፐርሰንት የሚመለከተው በዚያ እርከን ውስጥ ያለውን ብር ብቻ መሆኑን አንቺ ታውቂያለሽ፣ ኮድሽ ግን ካልነገርሽው አያውቅም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ልክ የእርከኑ ወሰን ላይ ያለ ደመወዝ አስገቢ፣ ከዚያ አንድ ብር ጨምረሽ ድገሚ። አንድ ብር ጨምረሽ የተጣራው ከቀነሰ ኮድሽ ተሳስቷል። እርከኖቹንም በኢፍ ውስጥ በትነሽ አትጻፊያቸው፤ ወሰኑንና ፐርሰንቱን ለየብቻ ሊስት (ዝርዝር) ውስጥ አድርገሽ በሉፕ እለፊባቸው። አዋጅ ሲሻሻል ሊስቱን ብቻ ነው የምትነኪው።

ሌላው ሳንቲም ነው። ኮምፒውተር 0.1 እና 0.2 ሲደምር 0.30000000000000004 ይላል፤ ፓይተን ብቻ ሳይሆን አብዛኛው ቋንቋ እንዲሁ ነው፣ ቁጥሩን በባይነሪ፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ፣ ስለሚይዘው። የሺህ ሰው ደመወዝ ሲደመር ልዩነቱ ሊታይ ይችላል። ሁሉንም በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር አስዪና መጨረሻ ላይ ለ100 አካፍዪ፤ ወይም ዴሲማል የሚባለውን የፓይተን የቁጥር ዓይነት ተጠቀሚ።

አራተኛውና አምስተኛው ሳምንት የዕቁብ መዝገብ፦ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ዕጣ ለማን ወጣ። ሊስትና ዲክሽነሪ (ስምን ከዋጋው ጋር አጣምሮ የሚይዘው) የሚለመዱት እዚህ ነው፣ ብዙ አያስቸግርም። ከ6 እስከ 8 ፋይል ማንበብና መጻፍ፤ ከኤክሴል ያወጣሽውን ዝርዝር አንብቦ በየክፍሉ ደምሮ ሌላ ፋይል ላይ ይጻፍልሽ።

ቀሪዎቹ አራት ሳምንታት የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን የሚቀይር ፕሮግራም። መልህቅ ያዢ፦ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. በነሱ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነበር። ከፈለግሽው ዓመት 2000 ቀንሺና በ365 አባዢ። ዓመቱን ለ4 አካፍለሽ ቀሪውን ጥለሽ፣ ከድርሻው 500 ቀንሰሽ ደምሪበት። ከወሩ 1 ቀንሰሽ በ30 አባዝተሽ ጨምሪ፣ ከቀኑም 1 ቀንሰሽ ጨምሪ። የወጣው ቁጥር ከመልህቁ ስንት ቀን እንደራቅሽ ነው፤ በዴትታይም፣ በፓይተን የቀን መሣሪያ፣ መልህቁ ላይ ደምሪው። ለመስከረም 1 ቀን 2016 የሚወጣው 5844 ነው፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ላይ ያርፋል። ለመስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ 6209፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024። ሁለቱ ከተገጣጠሙ ጥሩ ነው። ከዚያ ጳጉሜን አለች፦ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፈው ዘመነ ሉቃስ ስድስት ቀን አላት፣ በሌላው አምስት። ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ተቀብሎ ጳጉሜን 6 ቀን 2016ን «የለም» ማለት አለበት። ይህንን ያለ ማንም እርዳታ ከጻፍሽ ኮድ መጻፍ ጀምረሻል ማለት ነው።

ለመሣሪያው፣ በ4 ጂቢ ራም ቪኤስ ኮድን (ከባዱን ኮድ መጻፊያ) እና ክሮምን አብረሽ ብትከፍቺ ላፕቶፑ ይጎተትብሻል። ቶኒ የሚባለውን ኮድ መጻፊያ ጫኚ፤ የራሱን ፓይተን ይዞ ስለሚመጣ ሌላ ጣጣ የለውም። ኮዱን መስመር በመስመር እያስኬደ እያንዳንዱ ቫሪያብል ምን እንደያዘ በጎን ያሳይሻል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላየሁም።

ዌብ_ፒያሳ

ክርክር አይግባ ቢባልም ትንሽ ልግባ። ባለ ፓይተን ያለው ለሒሳብ ሰው ትክክል ነው፣ ነገር ግን «ሞራል ሲወርድ» የሚለውን ዘሎታል። ጥቁር መስኮት ላይ ቁጥር ሲወጣ ማየት ሁሉንም ሰው አያስደስትም። ድረ ገጽ የሚጻፍበት ኤችቲኤምኤል ምንም መጫን አይጠይቅም፤ ኖትፓድና ብራውዘር ይበቃሉ፣ የጻፍሽውን ያኔውኑ ታይዋለሽ፣ ለጓደኛሽም በቴሌግራም ልከሽ ታሳያለሽ። ፍሪኮድካምፕ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ትምህርቱ ሁሉ ነፃ ነው፣ በየትምህርቱም እየጻፍሽ ነው የምታልፊው፤ ቪዲዮ ዓይቶ መተኛት የለም።

ጃቫስክሪፕት ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በዪ። ጽሑፍ የሆነውን 5 ከቁጥር 3 ጋር ስትደምሪ 53 ይሰጥሻል፣ ስትቀንሺ ግን 2። ኤረር የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ፓይተን በዚህ ቦታ ታይፕ ኤረር ብሎ ይቆማል። ስለዚህ በገንዘብ የምትጀምሪ ከሆነ ፓይተን ይጠብቅሻል፤ ይህን ያህል ለባለ ፓይተን እተውለታለሁ።

ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ደግሞ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና አለ፤ በነፃ ነው፣ ሲጠናቀቅ ሰርተፊኬት ይሰጣል። ሰርተፊኬቱን ለቀጣሪ ለማሳየት ብለሽ አትሩጪበት፤ ቀጣሪ የሚጠይቅሽ የሠራሽውን ነው። ራስሽን በጊዜ ለማሰር ከሆነ ግን ይጠቅማል።

ማታ_ማታ

ስለ ቋንቋው ተባለ፣ እኔ ስለ አለማቋረጥ ልጻፍ።

«በየቀኑ» ብለሽ አትማዪ። ልቅሶ አለ፣ በዓል አለ፣ ዕድር አለ፣ የሒሳብ መዝጊያ ወር አለ። በየቀኑ ያለ ሰው ሁለት ማታ ሲያመልጠው «ተበላሸ» ብሎ ይተወዋል። ቆጠራው በሳምንት ይሁን፦ 8 ሰዓት። ማክሰኞ የቀረው ቅዳሜ ይሟላል። ቅዳሜም ካልሞላ ይቅር፣ ወደሚቀጥለው ሳምንት ዕዳ አይሻገርም። 8ቱ ሦስት ሳምንት በተከታታይ ካልሞላ ችግሩ ሰነፍ መሆንሽ ሳይሆን ቁጥሩ መብዛቱ ነው፤ ወደ 5 አውርጂው።

ሁለተኛው ነገር ያቆምሽበት ቦታ ነው። ማታ 3 ሰዓት ሲሆን አንዱን ነገር ጨርሰሽ አትዝጊው፤ ቀጥሎ ምን እንደምትሠሪ እያወቅሽ ቁረጪ። ፋይሉ መጨረሻ ላይ በኮሜንት (ፓይተን በሚዘለው ማስታወሻ) አንድ መስመር ጻፊ፦ «ነገ፦ ኮማ ያለበት ቁጥር ሲገባ እንዳይቆም ማድረግ»። በማግስቱ ደክሞሽ ስትቀመጪ «ከየት ልጀምር» የሚለው ነው ግማሽ ሰዓትሽን የሚበላው፤ ያች መስመር ታድንሻለች። «ኮድ መለማመድ» ብለሽ ከጻፍሽ ግን ምንም አልጻፍሽም።

አልሄድ ሲልሽ ደግሞ ሰዓት ያዢ፣ 20 ደቂቃ። ኤረሩን ከታች ወደ ላይ አንብቢ፦ የመጨረሻው መስመር ምን እንደተፈጠረ፣ ከሱ በላይ ያለው የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ይነግርሻል። ኔም ኤረር ከሆነ ስሙን ተሳስተሽ ጽፈሻል ወይም ከመፍጠርሽ በፊት ጠርተሽዋል። ኢንደንቴሽን ኤረር ከሆነ ታብና ስፔስ ተቀላቅሏል ወይም መስመሩ ገባ ማለት ሲገባው አልገባም። ሲንታክስ ኤረር ከሆነ የተጠቀሰውን ብቻ ሳይሆን ከሱ በላይ ያለውንም መስመር እዪ፣ ያልተዘጋ ቅንፍ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው የሚገኘው። ኤረር ሳይሰጥ መልሱ ብቻ ከተሳሳተ በየደረጃው ፕሪንት (የማሳያ ትእዛዝ) አስገቢና ቁጥሩ የት ላይ እንደተበላሸ ፈልጊ።

20 ደቂቃው ካለቀ ጠይቂ፣ ሌሊቱን አትጨርሺው። ስትጠይቂ ሦስት ነገር አቅርቢ፦ ምን እንዲሆን እንደፈለግሽ፣ ኮዱ፣ ሙሉው ኤረር። እባካችሁ ደግሞ ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አትላኩ፤ ኮዱን ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉ። ከፎቶ ላይ ማንም ቁጭ ብሎ አይገለብጥላችሁም።

ኤአይም ያው ነው። «ይህን ፕሮግራም ጻፍልኝ» ካልሽው ይጽፍልሻል፣ አንቺ ግን ባዶ ገጽ ፊት ስትቀመጪ እንደ በፊቱ ነሽ። «ኮዱን ሳታስተካክል ይህ ኤረር ለምን እንደመጣ አስረዳኝ» በዪው። የሰጠሽን አንብቢ፣ ዝጊው፣ ሳታዪ በራስሽ ጻፊ። መጻፍ ካልቻልሽ አልገባሽም፣ እንደገና ክፈቺው።

ሒሳብ_ክፍል

አመሰግናለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደመወዙ ሠርቷል፣ የአንድ ብሯ ፈተና አንዴ ወድቃ ነበር፣ አሁን አልፋለች። ፋይል ላይ ነው የቆምኩት። ከኤክሴል በሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ በሚለያዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) አውጥቼ ሳነብ የሠራተኛው ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆነ። «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» ብዬ እንደገና ሴቭ ሳደርግ ስሙ ተስተካከለ፣ ግን «ስም» የሚለውን ዓምድ ስጠራ ኪይ ኤረር ይላል። ዓምዱ በዓይኔ እያየሁት አለ!

ባለ_ፓይተን

ዓይንሽ አልዋሸሽም፣ ግን ሙሉውንም አላሳየሽም። ኤክሴል ዩቲኤፍ-8 ብሎ ሴቭ ሲያደርግ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማይታይ ምልክት ያስቀምጣል። ያ ምልክት ከመጀመሪያው ዓምድ ስም ጋር ተጣብቆ ነው የሚነበበው፤ ለፓይተን ዓምዱ «ስም» ሳይሆን «ምልክት-ስም» ነው። ፋይሉን ስትከፍቺ ኢንኮዲንጉን (ፊደል ወደ ቁጥር የሚቀየርበትን ሥርዓት) ዩቲኤፍ-8 ሳይሆን ዩቲኤፍ-8-ሲግ በዪው፣ ምልክቱን ራሱ ይጥለዋል። ስትጽፊም በዚሁ ጻፊ፤ ያለ እሱ የተጻፈውን አለቃሽ በኤክሴል ደብል ክሊክ አድርጎ ሲከፍተው አማርኛው የተመሰቃቀለ ይሆንበታል።

የጥያቄ ምልክት የሆነውን ፋይል ጣዪው፣ አይመለስም። ተራው ሲኤስቪ ፊደላችንን የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ተክቶታል፤ የጠፋው ሲነበብ ሳይሆን ሲጻፍ ነው። ኢንኮዲንግ መጥራትን ደግሞ ሁልጊዜ ልማድ አድርጊው፤ ካልጠራሽ ዊንዶውስ ላይ ፓይተን የራሱን ድሮ የለመደውን ይወስዳል።

አሁን ቀጥሎ የሚገጥምሽ ይህ ነው፦ አንዱ ዝርዝር ላይ «ፀሐይ»፣ ሌላው ላይ «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈችው ሠራተኛ ለፓይተን ሁለት ሰው ናት። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ፤ እያንዳንዱ የራሱ ኮድ አለው። ከማነጻጸርሽ በፊት ሁሉንም ወደ አንዱ የምትቀይር ትንሽ ፈንክሽን ጻፊ፣ ሰባቱንም ቤት አትርሺ፤ ሀ ላይማ ሃን፣ ሓን፣ ኃንም ጨምሪ። የምትቀይሪው ለማነጻጸር ብቻ ነው፤ ሰው ስሙን የጻፈበትን ፊደል ዋናው መዝገብ ላይ እንዳትነኪ። ፊት ወይም ኋላ የቀረ ስፔስም ስምን ሁለት ያደርጋል፣ በስትሪፕ አስወግጂው።

ዌብ_ፒያሳ

እዚህ ከደረስሽ አንድ ሐሳብ ልጨምር፦ የቀን መቀየሪያውን ቴሌግራም ቦት (ለሚጽፍለት ሰው በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም) አድርጊው። የቴሌግራም የቦት መመዝገቢያ በሆነው ቦትፋዘር ላይ ስም ሰጥተሽ ቶክን (የቦቱን ሚስጥራዊ ቁልፍ) ትቀበያለሽ፣ ሰርቨር መከራየት ሳያስፈልግ ከራስሽ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ላፕቶፑ ሲጠፋ ቦቱም ዝም ይላል፤ የተላኩለትን መልእክቶች ቴሌግራም እስከ 24 ሰዓት ድረስ ስለሚያቆይ ስትከፍቺው ይመልሳል። ዘመድ ጓደኛ ሲጠቀምበት የሚመጣው ሞራል ሌላ ነው፤ «ጳጉሜን 5 ስል ተሳሳተ» ብሎ የሚጽፍልሽ ሰው ካለ ዝም ብለሽ አትተኚም።

ቶክኑን ግን ኮዱ ውስጥ ጽፈሽ ጊትሃብ (የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ) ላይ እንዳትጭኚው። እሱን ያገኘ ሰው ቦቱን እንደ ባለቤት ያዝዘዋል። ለብቻው ፋይል ላይ አድርጊና ያንን ፋይል በጊት ኢግኖር (የማይጫኑ ፋይሎች ዝርዝር) አስቀሪው። ካመለጠሽ ፋይሉን መሰረዝ አይበቃም፣ በታሪኩ ውስጥ ይገኛል፤ ቦትፋዘር ላይ ሄደሽ አሮጌውን ቶክን አሰርዢና አዲስ ውሰጂ።

ኔትዎርክ_ጠፋ

የተረሳ ነገር አለ፣ ስሜም ይናገራል። ማታ ከ2 እስከ 3 ሰዓት መብራትም ኔትም የሚኖርሽ ሁልጊዜ አይደለም፤ ትምህርትሽ በኦንላይን ላይ ብቻ ከቆመ ሳምንቱ በዚያው ይበላል። የፓይተን ዶክመንቴሽን ሙሉው በአንድ ዚፕ ፋይል ዳውንሎድ ይደረጋል፣ ከዚያ ያለ ኔት በብራውዘር ይከፈታል። ላይብረሪዎችንም (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጇቸውን ኮዶች) ቢሮ ወይም አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄደሽ ኔት ያለበት ቦታ ላይ በፒፕ ዳውንሎድ (በፓይተን የማውረጃ ትእዛዝ) አውርደሽ በፍላሽ ውሰጂ። ኤክሴሉን ሲኤስቪ ሳታደርጊ ቀጥታ ለማንበብ የሚረዳሽን ኦፕንፓይኤክስኤል አብረሽ አውርጂ። ልብ በዪ፦ ያወረድሽበት ኮምፒውተር የፓይተን ቨርዥንና ቢት፣ 32 ይሁን 64፣ ካንቺው ጋር ካልተመሳሰለ አንዳንዱ ላይብረሪ ቤት ስትደርሺ አልጫንም ይልሻል። ቶኒ የትኛውን ፓይተን እንደያዘ ሲከፈት ከታች ባለው መስኮት የመጀመሪያ መስመር ላይ ይጽፈዋል፣ ከመውጣትሽ በፊት እሱን አይተሽ ሂጂ።

አሮጌ ላፕቶፕ ባትሪው ደክሞ ከሆነ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ኮንትሮል ኤስ በየሁለት ሦስት መስመሩ፣ አንድ ነገር በሠራ ቁጥር ደግሞ ጊት ኮሚት (የኮዱን የወቅቱን መልክ ላፕቶፑ ላይ መመዝገብ)። ኮሚት ለማድረግ ኔት አያስፈልግም፣ ፑሹ (ወደ ጊትሃብ መላኩ) ብቻ ነው የሚፈልገው፤ እሱን ጠዋት ቢሮ ስትደርሺ ታደርጊዋለሽ።